ስለ «የሕግ ሰውነት» እና ስለ «ያልተመዘገበ ማኅበር»፦ የሁለት የሕግ ስያሜዎች ምርመራ

የዕፅዋት ተመራማሪ ለአንዲት ቅጠል የማይስማማ ስም ቢሰጣት ቅጠሏ ያችው ቅጠል ሆና ትኖራለች፤ የሚሳሳተው መዝገቡ ነው። የሕግ ቋንቋ ግን እንዲህ አይደለም። ሕግ ከሚናገርባቸው ነገሮች ብዙዎቹን የሚፈጥራቸው በቃል ነው። «ውል»፣ «ዋስትና»፣ «ውርስ» የሚባሉት ነገሮች በእጅ አይዳሰሱም፤ ያለ ስማቸው አይኖሩም። በዚህም ምክንያት በሕግ ስያሜ ላይ የሚደርስ ስሕተት ከወረቀቱ አልፎ የሰውን መብት ይነካል። በአገራችን ደግሞ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ከሚታተሙት የአማርኛና የእንግሊዝኛ ቅጂዎች መካከል አማርኛው የበላይነት እንዲኖረው በ1987 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 3 ተደንግጓል። ስለዚህ የአማርኛ ቃል መራጩ ባለ ሙያ የእንግሊዝኛው አጃቢ ሳይሆን የሕጉ አናጢ ነው ማለት ይቻላል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው «የሕግ ሰውነት» የሚለውን ስያሜና ከእርሱ ጋር ተያይዞ የሚመጣውን «ያልተመዘገበ ማኅበር» የሚለውን ሐረግ ነው። ሁለቱም በፍርድ ቤት መዛግብትና በትርጉም ሥራዎች ውስጥ ዘወትር የሚገኙ ናቸው። ሁለቱም የታወቁ ስለሚመስሉ ብዙ ጊዜ ሳይመረመሩ ይታለፋሉ።

፩. ጥያቄው

ነገሩን በምሳሌ እንጀምር። በአዲስ አበባ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የሚሠሩ ሠላሳ ሠራተኞች ተሰብስበው ማኅበር አቋቋሙ እንበል። ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መረጡ፤ መተዳደሪያ ደንብ አረቀቁ፤ በየወሩም መዋጮ ማውጣት ጀመሩ። ለጽሕፈት ቤት የሚሆን አንድ ክፍል ከአንዲት ባልቴት በማኅበሩ ስም ተከራዩ። የምዝገባ ማመልከቻ ግን ገና አላቀረቡም። ስድስት ወር ኪራይ ሳይከፈል ቀረ። ባልቴቷ የክስ ማመልከቻ አስጽፈው ልደታ ወደሚገኘው ፍርድ ቤት ሄዱ። በማመልከቻው ላይ «ተከሳሽ» ከሚለው ቃል ጎን የተጻፈው የማኅበሩ ስም ነው። ለክርክሩ ቀን የተጠራው ወገን ደግሞ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ አቀረበ፤ «ተከሳሽ የተባለው ማኅበር ስላልተመዘገበ ሕጋዊ ሰውነት የለውም፤ ስለዚህ ሊከሰስ አይችልም» አለ።

ባልቴቷ ይህን ሲሰሙ የሚጠይቁትን መገመት አያዳግትም። «ቤቴን የተከራየው፣ ደረሰኝ የሰጠኝ፣ ማኅተም ያስቀረጸው ማን ነበር?» ይላሉ። መቃወሚያውን የሚሰሙት አባላትም በበኩላቸው ይደነግጣሉ፤ «ሕጋዊ» የሚለው ቃል ከተነሣባቸው «እኛ ሕገ ወጦች ነን ማለት ነው?» ብለው ያስባሉ። ሁለቱም ጥያቄዎች ከአንዱ ስያሜ የተወለዱ ናቸው። እንግዲህ ስያሜውን እንመርምር።

፪. «ሰው» በሕግ ቋንቋ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የሚጀምረው ሰው ከልደቱ እስከ ሞቱ ድረስ ባለ መብት መሆኑን በመደንገግ ነው። ሕጉ የተረቀቀው በፈረንሳዊው ምሁር በሬኔ ዳቪድ በፈረንሳይኛ ሲሆን፣ የአማርኛው ቅጂ ከዚያ የተመለሰ ነው። ሕጉ ሥጋና ነፍስ ካለው ሰው ቀጥሎ ሌላ ዓይነት ባለ መብት ያስተዋውቃል። በአንቀጽ 394 መንግሥት በሕግ ዓይን እንደ ሰው እንደሚቆጠር ይነግረናል፤ በአንቀጽ 404 ደግሞ ማኅበር ማለት ትርፍ ከማግኘትና ከመከፋፈል ለተለየ ዓላማ በሁለት ወይም ከዚያ በበለጡ ሰዎች መካከል የሚቋቋም ኅብረት መሆኑን ይተረጉማል።

ለዚህ ለሁለተኛው ዓይነት ባለ መብት ፈረንሳይኛው የሚጠቀምበት ስም ቃል በቃል ቢመለስ «የሞራል ሰው» ይሆን ነበር። እንዲህ ያለውን ሐረግ ያገራችን አንባቢ ቢያገኘው ስለ ጨዋ ሰው የሚነገር ይመስለዋል። እንግሊዝኛው ደግሞ «አካል የነሡ አካላት» ከማለት የማይርቅ ሐረግ አለው። አማርኛችን ሁለቱንም ትቶ ነገሩን በመግለጽ «በሕግ የሰውነት መብት የተሰጠው አካል» አለ። ሐረጉ ረጅም ነው፤ ነገር ግን ለአስተዋይ አንባቢ ሁሉንም ይነግራል። መብቱ ከተፈጥሮ የመጣ አይደለም፣ ሕግ የሰጠው ነው፤ የተሰጠውም ሰው መሆን ሳይሆን የሰውነት መብት ነው። ከርሱ ጋር የሚነጻጸረውም «የተፈጥሮ ሰው» የሚለው ሐረግ ነው።

«ሰውነት» የሚለው ቃል ራሱ ሁለት መንገድ ያለው ነው። «ልጅነት»፣ «ዳኝነት» እንደሚባለው ሁሉ «-ነት» የተባለው ምዕላድ ተጨምሮበት «ሰው መሆን» ማለት ነው፤ በዘወትር ንግግር ግን «ሰውነቱን ታጠበ»፣ «ሰውነቴ ዛለ» ስንል ገላን ማለታችን ነው። «አካል» የሚለውም እንዲሁ ነው። በአንድ በኩል ሥጋዊውን አካል፣ በሌላ በኩል ድርጅትንና መሥሪያ ቤትን ያመለክታል፤ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ደግሞ ስለ ሥላሴ «ሦስት አካላት» ሲባል ከባሕርይ የሚለየውን ህልውና ያመለክታል። በላቲን ለዚህ የሚነገረው «ፔርሶና» የተሰኘው ቃል መጀመሪያ የቴአትር ጭምብል ማለት ነበር፤ የግሪኩ «ፕሮሶፖን» ፊት ማለት ነው፤ ግእዙም በዚሁ ረገድ «ገጽ» ይላል። ሁሉም ቋንቋዎች ከሚታየው ነገር፣ ከፊት ወይም ከገላ፣ ተነሥተው ወደማይታየው የመብት ባለቤትነት ተሻግረዋል። ስለዚህ «ሰውነት» ሁለት ፍች አለው ተብሎ የሚነቀፍ ቃል አይደለም፤ መዝገበ ቃላታችን ግን ሁለቱን ፍቾች ለይቶ በየቁጥራቸው ማስቀመጥ አለበት።

፫. «ሕጋዊ» እና «የሕግ»

ረጅሙ ሐረግ በየዐረፍተ ነገሩ ሊደጋገም ስለማይችል ባለ ሙያዎች አሳጥረውታል። የማሳጠሪያውም መንገድ ሁለት ሆነ፦ «ሕጋዊ ሰውነት» እና «የሕግ ሰውነት»። ሁለቱ በየአዋጁና በየውሳኔው እየተፈራረቁ ይታያሉ፤ ብዙ ጸሐፊዎችም ልዩነት የላቸውም ብለው ይገምታሉ። እኛ ግን ልዩነት አለ እንላለን።

«ሕጋዊ» የሚለው ቅጽል በአማርኛ ሁለት ፍች አለው። አንደኛው «በሕግ የተፈቀደ» ማለት ሲሆን፣ ሁለተኛው «ሕግን የሚመለከት፣ ከሕግ የሚመነጭ» ማለት ነው። ሁለቱን ለመለየት የተቃራኒ ቃል ፈተና ይጠቅማል። «ሕጋዊ ነጋዴ» የሚለው ሐረግ ተቃራኒው «ሕገ ወጥ ነጋዴ» ነው፤ እንግዲህ «ሕጋዊ» እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ፍች ይዟል። «ሕጋዊ ውጤት» የሚለው ሐረግ ግን ተቃራኒው «ሕገ ወጥ ውጤት» አይደለም፤ «ሕጋዊ ውጤት የሌለው» ነው። ይህ ሁለተኛው ፍች ነው።

«ሕጋዊ ሰውነት» የሚፈልገው ሁለተኛውን ፍች ነው። ይሁንና የመጀመሪያው ፍች በሕዝብ ዘንድ እጅግ የጠነከረ ስለሆነ፣ «ማኅበሩ ሕጋዊ ሰውነት የለውም» ሲባል የሰሚው ጆሮ «ማኅበሩ ሕጋዊ አይደለም»፣ ከዚያም ቀጥሎ «ሕገ ወጥ ነው» ወደሚለው ይሸጋገራል። በሁለት እርምጃ የመብት አለመኖር ወደ ጥፋተኝነት ይለወጣል። በእውነቱ ግን ሰውነት ያላገኘ ስብስብ ሁሉ ሕገ ወጥ አይደለም። በሰፈራችን ሳይመዘገቡ የኖሩ እቁቦችንና የጽዋ ማኅበሮችን ሕገ ወጥ የሚላቸው የለም። በሌላ ወገን ደግሞ የሕግ ሰውነት ያለው ድርጅት ሕገ ወጥ ሥራ ሊሠራ ይችላል። ሁለቱ ሚዛኖች የተለያዩ ናቸው።

«የሕግ ሰውነት» የሚለው ሐረግ ከዚህ አደጋ ነፃ ነው፤ ምክንያቱም «የሕግ» የሚለው አገናዛቢ ምንጩን እንጂ ተፈቃጅነቱን አያመለክትም። ነገር ግን እርሱም የራሱ ጠንቅ አለው። «-ነት» ከወደቀለት «የሕግ ሰው» ይሆናል፤ ይህ ደግሞ በሕዝብ ንግግር ጠበቃን፣ ዳኛን ወይም ፖሊስን የሚያመለክት ሐረግ ነው። ስለዚህ ባሕርዩን ለመግለጽ «የሕግ ሰውነት»፣ ባለቤቱን ለመግለጽ «የሕግ ሰውነት ያለው አካል» ማለት ይገባል፤ «የሕግ ሰው» የሚለው ግን ለዚህ ጉዳይ አያገለግልም።

፬. የሠራተኛ ማኅበር በአገራችን ሕግ

የሠራተኛ ማኅበር በአገራችን በሕግ የሚመዘገብ ተቋም የሆነው በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተቋቋመ፤ በዚያው ዓመት አገራችን የመደራጀት ነፃነትን የሚመለከተውን 87ኛውንና የመደራጀትና የኅብረት ድርድር መብትን የሚመለከተውን 98ኛውን የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት ስምምነቶች አጸደቀች። በ1956 ዓ.ም. የሥራ ግንኙነት አዋጅ ቁጥር 210 ወጣ። ከዚያ ወዲህ በ1968 አዋጅ ቁጥር 64፣ በ1985 አዋጅ ቁጥር 42፣ በ1996 አዋጅ ቁጥር 377፣ በ2011 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1156 በተከታታይ ወጥተዋል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 42 ሠራተኞች በማኅበር የመደራጀት መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል።

ለእኛ ጥያቄ ዋናው ነገር ምዝገባ ነው። በ1996ቱ አዋጅ እንደተደነገገው የሠራተኛ ማኅበር መተዳደሪያ ደንቡን፣ የመሪዎቹን ስምና ፊርማ፣ የማኅበሩን መጠሪያና ዓርማ አቅርቦ ይመዘገባል። ከተመዘገበ በኋላ የሕግ ሰውነት ያገኛል፤ በተለይም ውል የመዋዋል፣ የመክሰስና የመከሰስ፣ ንብረት የመያዝና የማስተላለፍ፣ አባላቱን የመወከል ችሎታ ይኖረዋል። ያልተመዘገበ ማኅበር ግን በአዋጁ ለማኅበራት የተመለከቱትን ተግባሮች ሊያከናውን አይችልም። በሌላ አነጋገር፣ በአገራችን ሥርዓት ምዝገባውና ሰውነቱ በአንድ ቀን የሚወለዱ መንትዮች ናቸው።

በዚህ ላይ ለቋንቋ ተመራማሪ ትኩረት የሚሰጥ አንድ ነገር አለ። በዚያው አዋጅ መሥሪያ ቤቱ ማመልከቻው በደረሰው በ15 ቀን ውስጥ ውሳኔውን ካላስታወቀ ማኅበሩ እንደ ተመዘገበ እንደሚቆጠር ተደንግጎ ነበር። እንግዲህ በመዝገብ ላይ ስሙ ያልሰፈረ ማኅበር በሕግ ዓይን የተመዘገበ ሊሆን ይችል ነበር ማለት ነው። «እንደ … ይቆጠራል» የሚለው አነጋገር በሕግ አማርኛ ውስጥ ከባድ ሥራ የሚሠራ ሐረግ ነው፤ ያልሆነውን እንደሆነ አድርጎ መብት ያስከትላል። ተርጓሚው «እንደ ተመዘገበ ይቆጠራል» የሚለውን «ይመዘገባል» ብሎ ቢመልሰው የማኅበሩን ልደት በባለ ሥልጣኑ እጅ መልሶ አኖረው ማለት ነው። ይህ ቀላል ጥፋት አይደለም፤ ምክንያቱም 87ኛው ስምምነት የሕግ ሰውነት ማግኘት የመደራጀትን መብት በሚገድቡ ሁኔታዎች እንዳይታሠር ይከለክላል።

የምዝገባው ክብደት ምን ያህል እንደሆነ በ1941 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ መምህራን ማኅበር ታሪክ ያሳያል። ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ሁለት ወገኖች በአንድ ስም «ማኅበሩ እኛ ነን» በማለት ለብዙ ዓመታት በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ተከራከሩ። ክርክሩ በ2000 ዓ.ም. በፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት እልባት አገኘ። የተረታው ወገን በሌላ ስም ለመመዝገብ ሲጠይቅ ስለ ተከለከለ ጉዳዩ ወደ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የመደራጀት ነፃነት ኮሚቴ ቀረበ። ከዚህ ታሪክ የምንማረው የሚከተለውን ነው፦ አባላት ለሁለት ሊከፈሉ ይችላሉ፤ ስምም በሁለት አፍ ሊጠራ ይችላል፤ የሕግ ሰውነት ግን አይከፈልም። ንብረቱና የመዋጮው ገንዘብ የሚከተለውም ሰውነቱን እንጂ ስሙን ወይም የሰዉን ቁጥር አይደለም።

፭. ሰውነት ያላገኘው ማኅበር

ያገራችን ሰው «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል። ሕግ ጥያቄውን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ያበረው ድር አንድ ገመድ ሆኗል ወይስ ገና ብዙ ክር ነው? ገመድ ከሆነ የሚከሰሰው ገመዱ ነው፤ ብዙ ክር ከሆነ ግን እያንዳንዱ ክር መቆጠር አለበት።

በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 33 በሕግ ችሎታ ያለው ሰው ሁሉ የክርክር ተካፋይ ሊሆን እንደሚችል ይደነግጋል። «ችሎታ» እና «ችሎት» ሁለቱም ከ«ቻለ» የሚዛመዱ መሆናቸውን ልብ ይሏል፤ ወደ ችሎት ለመቅረብ መቻል ያስፈልጋል። በእኛ አነባበብ፣ የመከሰስ ችሎታ ለሠራተኛ ማኅበር የሚሰጠው ከምዝገባ ጋር ስለሆነ፣ በምሳሌያችን የማኅበሩ ስም ብቻውን በተከሳሽነት ሊቆም አይችልም። ይህ ማለት ግን ባልቴቷ ኪራያቸውን ያጣሉ ማለት አይደለም። ውሉን የፈረሙት ሊቀ መንበርና ገንዘብ ያዥ በተፈጥሮ ሰውነታቸው ሊጠየቁ የሚችሉበት መንገድ አለ። አባላቱ ሁሉ በጉዳዩ ላይ አንድ ዓይነት ጥቅም ካላቸውና በአንዱ ወይም በጥቂቶቹ ለመወከል መስማማታቸው ለፍርድ ቤቱ ከተረጋገጠ ደግሞ፣ በአንቀጽ 38 መሠረት ጥቂቶቹ በሁሉም ስም ሊከሱና ሊከሰሱ ይችላሉ። እንግዲህ «ሊከሰስ አይችልም» የሚለው የመቃወሚያው ዐረፍተ ነገር ሙሉ አይደለም፤ «በማኅበሩ ስም ሊከሰስ አይችልም» መባል ነበረበት። በሁለቱ አገላለጾች መካከል ያለው ልዩነት የስድስት ወር ኪራይ ያህል ነው።

ሰውነት የሌለው ማኅበር ለሕጋችን እንግዳ ነገር አለመሆኑንም ማስታወስ ይገባል። የ1952ቱ የንግድ ሕግ በአንቀጽ 210 የንግድ ማኅበራት ሁሉ የሕግ ሰውነት እንዳላቸው ሲደነግግ «የእሽሙር ማኅበር» የተባለውን ግን ለይቶ ያስቀር ነበር። የእሽሙር ማኅበር በአባላቱ መካከል ውል አለው፤ ለሦስተኛ ወገን ግን አይታይም። ሕጉ ፈቅዶ ሰውነት የነፈገው ማኅበር ነው እንጂ ሕገ ወጥ አይደለም። በክፍል ሦስት ላነሣነው ክርክር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም።

፮. ከውጭ አገር ሕግ የሚመጣ ችግር

ተርጓሚዎች ይበልጥ የሚፈተኑት የእንግሊዝንና የአሜሪካን የሕግ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሲመልሱ ነው። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ስለ ሠራተኛ ማኅበር ሲነገር «አንኢንኮርፖሬትድ» የሚል ቅጽል ይገኛል። ቃሉ «አካል» ማለት ከሆነው የላቲን ቃል የወጣ ሲሆን «አካል ያልነሣ» እንደማለት ነው። ተርጓሚዎቻችን የአገራቸውን ሥርዓት በመከተል ብዙ ጊዜ «ያልተመዘገበ» ብለው ይመልሱታል። በእኛ አገር ምዝገባና ሰውነት መንትዮች ስለሆኑ ትርጉሙ የሚያስኬድ ይመስላል። በእንግሊዝ አገር ግን ሁለቱ መንትዮች አልነበሩም።

እ.ኤ.አ. በ1900 በደቡብ ዌልስ የታፍ ቬል የባቡር ኩባንያ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ኩባንያው የባቡር ሠራተኞቹን ማኅበር ከሰሰ። ማኅበሩም «እኛ ኮርፖሬሽን አይደለንም፤ የተፈጥሮ ሰውም አይደለንም፤ ስለዚህ በስማችን ልንከሰስ አንችልም» ሲል ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ1901 የጌቶች ምክር ቤት በፍርድ ሥልጣኑ ማኅበሩ በተመዘገበበት ስም ሊከሰስ ይችላል ብሎ ወሰነ። ማኅበሩ 23,000 ፓውንድ ካሣ ከፈለ። ውሳኔው ሠራተኛውን ወደ ፖለቲካ የገፋ ታላቅ ቁጣ አስነሣ፤ እ.ኤ.አ. በ1906 የወጣው የሥራ ክርክር ሕግም ማኅበራቱን ከእንዲህ ያለው ክስ ጠበቀ። አሁን «አንኢንኮርፖሬትድ» የሚለውን ቃል በዚህ ጉዳይ ላይ «ያልተመዘገበ» ብለን ብንመልሰው ምን እንላለን? «ያልተመዘገበው ማኅበር በተመዘገበበት ስም ተከሰሰ» እንላለን። ዐረፍተ ነገሩ ራሱን ይበላል። ማኅበሩ እ.ኤ.አ. በ1871ዱ ሕግ ተመዝግቦ ነበር፤ ያላገኘው የኮርፖሬሽን ሰውነትን ነው።

የእንግሊዝ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1974 ማኅበራቱ ኮርፖሬሽን አይደሉም እያለ በስማቸው እንዲዋዋሉ፣ እንዲከሱና እንዲከሰሱ ፈቀደ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1980 ታየ። አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ማኅበር ጋዜጣ ስሜን አጠፋብኝ ብሎ ሲከስ፣ ዳኛው ማኅበሩ የመክሰስ ሥልጣን ቢኖረውም የሚጠፋ ስም የሚሸከም ሰውነት ግን የለውም ብለው ክሱን ሳይቀበሉት ቀሩ። እንግዲህ የመክሰስ ችሎታ አንድ ነገር ነው፤ የሕግ ሰውነት ሌላ ነገር ነው።

በአሜሪካም የቀድሞው የልማድ ሕግ ሰውነት ያላገኘን ማኅበር በስሙ መክሰስን አይፈቅድም ነበር፤ አባላቱ ሁሉ በየስማቸው መጠራት ነበረባቸው። እ.ኤ.አ. በ1922 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኮሮናዶ የድንጋይ ከሰል ኩባንያና በማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ክርክር ይህን ሻረ። ትልቅ ሀብትና አመራር ያለው ማኅበር በፌዴራል ፍርድ ቤት በስሙ ሊከሰስ እንደሚችል ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1947 የወጣው ሕግም የሠራተኛ ማኅበር እንደ አንድ አካል ሊከስና ሊከሰስ እንደሚችል በግልጽ አስቀመጠ። «እንደ» የምትለዋን ቃል ልብ እንበል። ሕጉ ማኅበሩን ለክርክር ጉዳይ እንደ አንድ አካል ቆጠረው እንጂ ኮርፖሬሽን አላደረገውም። ተርጓሚው «እንደ»ን ከጣላት ያልተሰጠውን ሰውነት ይሰጠዋል።

፯. «ከሰሰ» እና «ተከሰሰ»

በዚህ ረገድ አማርኛ ከብዙ ቋንቋዎች የተሻለ መሣሪያ አለው። «ከሰሰ» ከሚለው ግሥ «መክሰስ»ን፣ «ተ-» ሲጨመርበት ደግሞ «መከሰስ»ን እናወጣለን። በሕጎቻችን «የመክሰስና የመከሰስ መብት» ተብሎ ሁለቱ ተጣምረው ስለሚነገሩ አይለያዩም ብለን ለምደናል። ነገር ግን ይለያያሉ።

በጀርመን አገር እ.ኤ.አ. ከ1900 ጀምሮ የነበረው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የሕግ ችሎታ የሌለው ማኅበር ሊከሰስ እንደሚችል ሲደነግግ ስለ መክሰስ ግን ዝም አለ። የአገሪቱ የሠራተኛ ማኅበራት አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ማኅበራት ነበሩ። ስለዚህ በራቸው ለክስ ክፍት ሆኖ እነርሱ ግን የሌላውን በር ማንኳኳት አይችሉም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለሠራተኛ ማኅበራት መክሰስን ፈቀደ፤ ሕጉ ራሱ ሁለቱን አጣምሮ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው።

የእኛ ሕገ መንግሥት ደግሞ ከሌላው ጎን የመጣ ይመስላል። በአንቀጽ 37 የአባላቱን የጋራ ወይም የግል ጥቅም የሚወክል ማኅበር፣ እንዲሁም ተመሳሳይ ጥቅም ያላቸውን ሰዎች የሚወክል ግለሰብ ወይም የቡድን አባል ፍትሕ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይናገራል። ስለ መጠየቅ እንጂ ስለ መጠየቅ ተቃራኒ፣ ማለትም ስለ መከሰስ፣ በዚያ አንቀጽ የተነገረ ነገር የለም። «ቡድን» የሚለው ቃልም «ማኅበር» ከሚለው ተለይቶ መቀመጡ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሰውነት ያላገኘ ስብስብ በወኪሉ አማካይነት ፍትሕ ሊጠይቅ የሚችልበትን በር ያመለክታል። ተርጓሚው ሁለቱን በአንድ ቃል ቢያጠቃልላቸው ያን በር ይዘጋዋል።

፰. የምናቀርባቸው ስያሜዎች

ከላይ በተመለከተው ምርመራ መሠረት የሚከተሉትን ስያሜዎችና ፍቾች ለውይይት እናቀርባለን።

«የሕግ ሰውነት»፦ ከአባላት ወይም ከመሥራቾች ተለይቶ የመብትና የግዴታ ባለቤት የመሆን ሁኔታ፤ ምንጩ ሕግ የሆነ። «ሕጋዊ ሰውነት» የሚለው የተለመደ ስለሆነ በመዝገበ ቃላት ይግባ፤ ነገር ግን ወደ መጀመሪያው ይመራ።

«የሕግ ሰውነት ያለው አካል»፦ በአዋጆች «በሕግ የሰውነት መብት የተሰጠው አካል» የሚባለው። ተቃራኒው «የተፈጥሮ ሰው» ነው።

«የሕግ ሰውነት ያላገኘ ማኅበር»፦ እንግሊዝኛው «አንኢንኮርፖሬትድ» ለሚለው ማኅበር የሚሆን። የተመዘገበም ያልተመዘገበም ሊሆን ይችላል።

«ያልተመዘገበ ማኅበር»፦ በመዝገብ ያልገባ ማኅበር ብቻ። በአገራችን የሥራ ሕግ ከላይኛው ጋር የሚገናኝ ቢሆንም አንድ ፍች አይደለም።

«ሕገ ወጥ ማኅበር»፦ ዓላማው ወይም ሥራው በሕግ የተከለከለ ማኅበር። ከሁለቱ ስያሜዎች ከአንዱም ጋር ሊምታታ አይገባም።

«የመክሰስ ችሎታ» እና «የመከሰስ ችሎታ»፦ ለየብቻ የሚመዘገቡ ሁለት ስያሜዎች። ሁለቱ በአንድነት ሲፈለጉ «የተከራካሪነት ችሎታ» ይባሉ።

«በወኪል የሚቀርብ የጋራ ክስ»፦ አንድ ዓይነት ጥቅም ያላቸው ብዙ ሰዎች በጥቂቶቹ አማካይነት የሚከሱበት ወይም የሚከሰሱበት ሥርዓት።

በእነዚህ ስያሜዎች ተጠቅመን የመቃወሚያውን ቃል እንደገና ብንጽፈው እንዲህ ይሆናል፦ «ማኅበሩ ገና ስላልተመዘገበ የሕግ ሰውነት አላገኘም፤ ስለዚህ በስሙ የመከሰስ ችሎታ የለውም፤ ከሳሽ ውሉን የፈረሙትን ሰዎች ሊጠይቁ ይችላሉ»። ይህን ዐረፍተ ነገር የሰሙት አባላት ሕገ ወጥ ተባልን ብለው አይሰጉም፤ ባልቴቷም ማንን መክሰስ እንዳለባቸው ያውቃሉ። ፍርዱን የሚሰጠው ዳኛው ነው፤ የእኛ ድርሻ ቃሉ ከፍርዱ በፊት ሌላ ፍርድ እንዳይሰጥ መጠበቅ ነው።

የልደታ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከቅድስት ማርያም ልደት መሆኑ የታወቀ ነው። በዚያው ሰፈር የሚገኙት ችሎቶች ዘወትር ከሚጠይቋቸው ጥያቄዎች አንዱም፣ ፊታቸው የቀረበው ተከራካሪ በሕግ ዓይን ተወልዷል ወይስ አልተወለደም የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ በጥራት የሚመልስ አማርኛ አለን፤ የጎደለው ስያሜዎቹን ለይቶ በየቦታቸው የማስቀመጥ ሥራ ነው። በፍርድ ቤት፣ በሕግ ማርቀቅና በትርጉም ሥራ የተሠማሩ አንባብያን ከየመዛግብቱ የሚያገኟቸውን ተጨማሪ አጠቃቀሞችና ተቃውሞዎች ቢያካፍሉን በሚቀጥለው የስያሜ ዝርዝር ላይ እንመለከታቸዋለን።